ፑሉን ለብርዱ ልዘጋ ነው፤ ግማሹን ውሃ አስወጥቻለሁ፣ ልቀጥል?

አዲስ_ባለገንዳ — ኦክቶበር 12፣ 2024፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ወገን። ሜሪላንድ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። በፋሲካ ሰሞን የገዛነው ቤት ጓሮው ላይ ፑል አለው። ባለቤቴ ቤቱን የወደደችው በሱ ነው። እኔ በወር ክፍያው ደንግጬ ስለነበር ፑሉን በደንብ ያየሁት ከፈረምን በኋላ ነው። ልጆቹ ሰመሩን ሙሉ ከውስጡ አልወጡም።

አሁን መዝጋት አለብኝ። አንድ ድርጅት ጋ ብደውል 450 ዶላር አሉኝ። ለመዝጊያ ብቻ! መክፈቻው ሌላ ነው። አማቼ ደግሞ «ውሃውን ሙልጭ አድርገህ አውጣና በሸራ ሸፍነው፤ ውሃ ከሌለ ምኑ በረዶ ይሆናል?» አለኝ። አሳመነኝ። ፓምፕ ተከራይቼ ትናንት ማታ ጣልኩበት። አሁን ጥልቀት በሌለው በኩል የቀረው 12 ኢንች ያህል ነው። ልቀጥል ወይስ ይበቃል? 32 በ16 ጫማ ነው፣ ውስጡ ሰማያዊ ላይነር፣ ማለትም የፕላስቲክ ልባስ፣ የለበሰ።

ጋሽ_ቧንቧ — ከ20 ደቂቃ በኋላ

አጥፋው። መጀመሪያ ሂድና ፓምፑን ከሶኬት ንቀል፤ ቀሪውን ተመልሰህ ታነበዋለህ።

ነቀልክ? እሺ፣ አሁን እንነጋገር።

አማችህን አልቀየመውም። ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ጉዳት የሚያመጣው ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ አይደለም። እሱ ከላይ በረዶ ይሠራል፣ ከሥር ፈሳሽ ነው፣ ወደ ላይ የሚሰፋበት ቦታ አለው። ጉድ የሚሠራህ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ሁለት ስኒ ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ መስፋት አይችልበትም፤ ይሰነጠቃል።

ባዶ ማድረጉ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፣ አፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ውስጥ ይገፋሉ። አንዱን ስታነሳው ሌላው ያሸንፋል። የሲሚንቶና የፋይበርግላስ ገንዳ ባዶውን ከሆነ ከከባድ ዝናብ በኋላ እንደ ጀልባ ከመሬቱ ብድግ ሊል ይችላል። ያንተው ላይነር ደግሞ ከግድግዳው ይለቅና ይሸበሸባል፤ ብርድ ሲመታው ይደርቃል፤ መልሰህ ስትሞላው እሺ ብሎ አይለጠጥም፣ ይቀደዳል። ላይነር ማስቀየር በሺዎች ነው የሚቆጠረው። ያኔ 450ው ትዝ ይልሃል።

የውሃ ጎማህን ጣልና ሙላ። ከጠርዙ እስከ ውሃው አንድ ክንድ፣ 18 ኢንች ገደማ፣ ሲቀርህ አቁም። መጨማደድ ካለ ውሃው ሳይሸፍነው በባዶ እግርህ ግባና ወደ ግድግዳው እየገፋህ አስተካክለው። ዕድለኛ ነህ፣ ሰሞኑን ዝናብ የለም። መሬቱ ረስርሶ ቢሆን ኖሮ ወሬያችን ሌላ ነበር።

አዲስ_ባለገንዳ

ነቅያለሁ ጋሼ። ጥግ ላይ ሁለት ቦታ ተጨማዷል፣ ሌላው ደህና ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጋሽ_ቧንቧ

ያንተ ገንዳ አንድ ኢንች ከፍ ለማለት 320 ጋሎን ይጠጣል። ጎማህ በደቂቃ 10 ጋሎን ከሰጠህ በሰዓት ሁለት ኢንች የማይሞላ ነው። የጎደለህን ለካና አካፍል።

አዲስ_ባለገንዳ

15 ኢንች። ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ቡና ይፈላ።

የቦሌዋ

ይቅርታ፣ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማነበው። «ለብርዱ ልዘጋ» ትላላችሁ፣ ክረምቱ አልወጣም እንዴ? መስቀል እኮ አልፏል። እዚህ ፀሐይ ነው።

አዲስ_ባለገንዳ

የኔ እህት፣ እኛ ጋ ክረምቱ ገና ሊገባ ነው። ለዚህ ነው እዚህ ብዙዎቻችን «ዊንተር» የምንለው። ለእናቴ በስልክ «ክረምት ገባ» ስላት «ዝናቡ በረታ?» ትለኛለች።

የቦሌዋ

ሂልተን ያለው ገንዳ ውሃው ከፍል ውሃ ስለሚመጣ ዓመቱን ሙሉ ለብ ያለ ነው። እናንተ አሜሪካ ሄዳችሁ ገንዳ ትዘጋላችሁ 😄

ሾፌሩ_ዱባይ

እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የምሠራበት ቪላ በሐምሌና ነሐሴ የገንዳው ውሃ እንደ ሻይ ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣ ማሽን ተገጥሞለታል። ሰው የሚዋኘው በታኅሣሥ ነው።

ዳላስ_ነኝ

ሁላችሁም አትዝጉ የምል ሰው ነኝ። ቴክሳስ ውስጥ ፑል የሚዘጋ ጎረቤት የለኝም። ቅዝቃዜው 36 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ፓምፑ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለ። የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ በረዶ አይሆንም። ምን አደከማችሁ?

ጋሽ_ቧንቧ

መብራት ሲጠፋስ?

ዳላስ_ነኝ

...ነካኸኝ ጋሼ።

እሺ ልንገራችሁ። ፌብሩዋሪ 2021 ነው። ዳላስ ኤርፖርት ላይ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ተመዘገበ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 መሆኑ ነው። መብራቱ ሄደ። ይመጣል እያልን ጠበቅን። እኛ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደራርበን ተቀምጠናል፣ ፑሉን ያሰበው የለም። በማግስቱ ጠዋት የፓምፑ ክዳን ለሁለት ተከፍሏል፣ የፊልተሩ ጋን ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል፣ ከማሞቂያው የሚወጣው ቱቦ ውስጥ የበረዶ ዘንግ ቆሟል። የከተማው ሰው ሁሉ እንደኔ ስለሆነበት ፓምፕ ለማግኘት ሳምንታት ፈጀብኝ።

አሁን ከፓምፑ አጠገብ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አንጠልጥያለሁ። መብራት ከጠፋ፦ ብሬከሩን ዝጋ፣ የፓምፑን ሁለት የታች ውታፎች ፍታ፣ የፊልተሩን ፍታ፣ የማሞቂያውን ፍታ፣ አየር ማስገቢያውን ክፈት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን ያቺን አምስት ደቂቃ ማን ይስጠኝ!

ቢሆንም እዚህ መዝጋት አያስፈልግም። ሜሪላንድ ብሆን ግን እዘጋ ነበር።

ጋሽ_ቧንቧ — ኦክቶበር 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሥራው፣ እኔ ልጻፍለት።

መቼ? ውሃው ከ60 ፋራናይት በታች ሲወርድ፣ 15 ሴልሺየስ ገደማ ማለት ነው። በሌበር ደይ (በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) ማግስት የሚዘጉ አሉ። ውሃው ገና ሞቃት ስለሆነ ሸራው ሥር አልጌው ይፈላል፣ ፀደይ ላይ ስትከፍተው የጎመን ድስት ነው። ቅጠሉ ሁሉ ይርገፍ ብለህ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ብትቆይ ደግሞ አንድ ሌሊት ውርጭ ይቀድምሃል። መሃሉን ያዝ።

ዋናው ሥራ ቱቦው ነው። እዚህ ላይ አትቸኩል። ኮምፕሬሰር ወይም አየር በሚነፋው በኩል የተሰካ ትልቅ የጋራዥ ቫኪዩም ያስፈልግሃል። መጀመሪያ ከስኪመሩ፣ ከገንዳው ጠርዝ ቅጠሉን ከሚስበው አፍ፣ በኩል ንፋ። ውሃው ወደ ገንዳው በሚመለስባቸው ቀዳዳዎች መጀመሪያ ውሃ ይወጣል፣ ከዚያ ውሃና አየር እየተቀላቀለ ይተፋል፣ መጨረሻ ላይ አየር ብቻ ይሆናል። አየሩ ሳይቋረጥ ቀዳዳውን በጎማ ውታፍ ትደፍናለህ። ለነፋሹ ቅርብ ከሆነው ጀምር፣ ሩቁ መጨረሻ ይሁን። የወለሉ መውረጃ ከጥልቁ በኩል እንደ ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ሲጀምር ቫልቩን አየሩ እየነፋ ዝጋው። አየሩ እዚያ ይታሰርና ውሃ ተመልሶ አይገባም። ነፍተህ ካጠፋህ በኋላ ብትዘጋው ግን ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስኪመሩ ውስጥ ከታች የሚጠመዘዝ ባዶ የፕላስቲክ ዘንግ አለ፣ ግዛ። የዝናብ ውሃ ገብቶ በረዶ ሲሆን ዘንጉ ይጨመቃል፣ የስኪመሩ ግድግዳ ይተርፋል። ከሌለህ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀህ ብትከትበትም ይረዳል።

ፓምፑን ፍታና ከቻልክ ጋራዥ አስገባው። የሚፈቱትን ውታፎች በሙሉ እዚያው የፓምፑ ማጣሪያ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣቸው። ኪስህ ውስጥ አይደለም፣ መደርደሪያ ላይ አይደለም። ቅርጫቱ ውስጥ።

ሳልነግርህ የማላልፈው፦ እኔ ራሴ ሃያ ዓመት በቧንቧ ሥራ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ አንድ ዓመት ቸኩዬ አንዱን መስመር በደንብ ሳልነፋው ዘጋሁ። ፀደይ ላይ ውሃው በቀን አንድ ኢንች ይጎድላል። ሰው ቤት ስንቱን ስንጥቅ ያገኘሁ ሰውዬ የራሴን ሁለት ሳምንት ፈለግኩት። ሲሚንቶው ሥር ያለ አንድ የቱቦ መታጠፊያ (ክርን) ነበር። ሲሚንቶውን በመጋዝ አስቆረጥኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የተጠገነውን ታሳያለች።

አዲስ_ባለገንዳ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቱቦው ውስጥ አንቲፍሪዝ ልጨምር? የመኪና አለኝ።

ጋሽ_ቧንቧ

የመኪናውን እንዳትነካው! እሱ መርዝ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ይልሰዋል። ለፑል የሚሸጠው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሮዝ ቀለም አለው። በደንብ ከነፋህ ግዴታ አይደለም። የተጠራጠርከው መስመር ካለ ጨምርበት።

ኬሚስቷ

ስለ ቱቦው ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ውሃው ልበል። ሰው ሸራውን ጥሎ ሲሄድ ውሃውን ይረሳዋል። ስድስት ወር ግን እዚያው ነው የሚቀመጠው።

ከመዝጋትህ ሳምንት በፊት ለካ። ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከ7.4 እስከ 7.6፣ አልካሊኒቲ (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ከ80 እስከ 120። ፒኤቹ ዝቅ ብሎ ከከረመ ውሃው ላይነሩን ያደርቀዋል።

ክሎሪኑን ከፍ አድርገው። ፈሳሹ ክሎሪን ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፣ የምናውቀው በረኪና ነው፤ የፑሉ ጠንከር ያለ ብቻ። ባለ 10 በመቶው አንድ ጋሎን፣ ለ10 ሺህ ጋሎን ውሃ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ይጨምራል። ያንተ ገንዳ ሲሞላ 19 ሺህ ገደማ ስለሆነ ሁለት ጋሎን ይበቃሃል። ማታ ጨምርና ፓምፑ ሌሊቱን ይዙር። አልጌ መከላከያውን አብረህ አትጨምር፣ ብዙ ክሎሪን ያበላሸዋል። ክሎሪኑ ሲወርድ ጠብቀህ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምር። መዳብ የሌለበትን ምረጥ።

የሚያንሳፍፉትን ክሎሪን ክኒን ሸራው ሥር ትተህ አትዝጋ። አንድ ጥግ ላይ ይቆምና ላይነሩን ነጭ ያደርገዋል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ክኒኑና ዱቄቱ ሁለቱም «ክሎሪን» ተብለው ይሸጣሉ፣ ግን አንድ ነገር አይደሉም። ክኒኑ ትራይክሎር ነው፣ ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ እሳት ሊነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ዕቃ ለማጠጋጋት ብላችሁ አንዱን በሌላው ባልዲ እንዳትከቱት። በዱቄቱ የጨለፋችሁበትን ኩባያ ክኒኑ ጋ አታስገቡ። አሲድም ከበረኪና ጋር እንዲሁ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጋራዥ ውስጥ አራርቃችሁ አስቀምጡ።

የሦስት_እናት

ስለ ሸራው ማንም አልተናገረም። ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ሸራ ነው ያለህ?

አዲስ_ባለገንዳ

የድሮው ባለቤት የተወው ሰማያዊ ሸራ አለ። ዙሪያውን ውሃ የሚሞሉ ረጃጅም ከረጢቶች ይደረደሩበታል።

የሦስት_እናት

ከረጢቶቹን እስከ አፋቸው አትሙላቸው፣ በረዶ ሲሆኑ ይፈነዳሉ። ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም። እዚያ ሸራ ላይ ዝናብ ሲያቁር ቅጠል ይሞላበታል፣ ለሕፃን ልጅ መሬት ይመስለዋል። ከላይ ያቆረው ጥቂት ውሃ ራሱ ልጅ ያሰምጣል፤ ሸራው ደግሞ ሲረገጥ ይሰምጥና ይጠቀልላል። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል አንደኛው መስመጥ ነው። የአንተ ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?

አዲስ_ባለገንዳ

ሦስት።

የሦስት_እናት

እንግዲያው ከ450ው ያተረፍከውን እዚህ ላይ አውለው። ሲሚንቶው ላይ በተቀበሩ የነሐስ ብሎኖች የሚወጠር፣ በስፕሪንግ የሚያዝ የደኅንነት ሸራ አለ። መስፈርቱ 485 ፓውንድ፣ የሁለት አዋቂና የአንድ ልጅ ክብደት ያህል፣ እንዲሸከም ይጠይቃል። መለያው ላይ ኤኤስቲኤም ኤፍ1346 የሚል ፈልግ። ርካሽ አይደለም፣ ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል። እኛ መረብ የሆነውን ነው የገዛነው፣ ዝናቡ ያልፋል፣ ከላይ አያቁርም። ትንሽ ጭቃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይግባ። ብቻ ሸራ አለ ብለህ የአጥሩን በር እንዳትከፍተው።

ጋሽ_ቧንቧ

እህታችን ልክ ናት። እኔ መጻፍ የነበረብኝን ነው የጻፈችው። መረቡን ከገዛህ ከ18 ኢንች በታች ውሃውን አታውርድ፣ በረዶ ሲጫነው ሸራውን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ውሃው ነው።

አዲስ_ባለገንዳ — ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ ማታ

ዘጋሁት!

ቫኪዩሙን ከጎረቤት ተዋስኩ። አማቼም መጣ፣ ትንሽ አፍሯል፣ ውታፍ አቀባይ አደረግኩት። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ አንደኛው ቀዳዳ ተጉረመረመና ፊቴ ላይ ተፋ። ውሃው 59 ነበር፣ እስካሁን ይበርደኛል። በሆዴ ተኝቼ እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ነው የደፈንኩት። አረፋው እየገፋ ውታፉን ሁለቴ ከእጄ አስለቀቀኝ። አማቼ «አጥብቀው! አጥብቀው!» ይላል፣ ካቻቢቴው ግን እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

የወለሉ መውረጃ በትክክል እንደ ሽሮ ነው የፈላው ጋሼ። ቫልቩን አየሩ እየነፋ ዘጋሁት። ሸራው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ እስከዚያ የጓሮውን በር ቆልፌዋለሁ።

አዲስ_ባለገንዳ — ጃንዋሪ 7፣ 2025

እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት በገና ዋዜማ ያ ሁሉ በረዶ ወረደ፣ ሸራው መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል። ልጥረገው?

ጋሽ_ቧንቧ

እንኳን አብሮ አደረሰን። ተወው። አካፋ ይዘህ ብትወጣ ሸራውን ነው የምትቀደው። ዶሮህን ብላ።

አዲስ_ባለገንዳ — ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ፋሲካ አልፎ ዛሬ ከፈትኩት። ሸራውን ስንገልጥ ታቹ ትንሽ ጭቃ አለ እንጂ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ውታፍ ነቃይ ሆኜ ዋልኩ፣ በስድብነቱ ሳይሆን በሙያነቱ።

አንድ ችግር ገጠመኝ። የፓምፑ ሁለት የታች ውታፎች የሉም። ቅርጫቱ ባዶ ነው። ቤቱን አገላበጥነው። ባለቤቴ ከስኒዎቹ መደርደሪያ፣ ከረከቦቱ ሥር አገኘቻቸው። ማን እንዳስቀመጣቸው አልተጣራም።

ጋሽ_ቧንቧ

ቅርጫቱ ውስጥ አላልኩህም?

አዲስ_ባለገንዳ

ብለውኛል። ሌላው ደግሞ፣ ፓምፑ ተነስቷል ግን ክዳኑ ውስጥ አረፋ ይታየኛል፣ ወደ ገንዳውም አረፋ ይተፋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ስለነበር ቫዝሊን ቀብቼዋለሁ።

ጋሽ_ቧንቧ

ቫዝሊን ጎማውን ይበላዋል። ጥረገው። ለፑል የሚሸጥ የሲሊኮን ቅባት አለ፣ ትንሽ ነው የሚፈልገው። ጎማው የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይረው፣ ጥቂት ዶላር ነው። አየር እየሳበ ያለው እዚያ ጋ ነው።

አዲስ_ባለገንዳ — በዚያው ቀን፣ አመሻሽ

ጠርጌ ሲሊኮኑን ቀባሁት። አረፋው ቆሟል። ደረጃው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ነበር፣ ውሃው እስካሁን ከምልክቱ አልወረደም፣ ለሳምንት እከታተለዋለሁ። ሙቀቱ ገና 58 ነው። ትልቁ ልጄ ግን ገብቷል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ውጣ ብለው አልወጣም እያለ ነው።